ስለ ፕላስቲክ ወንበርና ስለ መቀመጫ ክብር

በሀና ማርያም ደብር የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል



በእንዲህ ያለ የደስታ ቀን ስለ ሕንፃው ታሪክ፣ ስለ አገልጋዮቹ ድካም፣ ስለ ምእመናኑም ልግስና መናገር የተገባ ነው። ዳሩ ግን ሰው ከፍ ያለውን ጕልላት ለማየት ዐይኑን ባቀና ጊዜ ከበታቹ ያለውን፣ የተቀመጠበትንም ነገር ይረሳል። የዛሬው ንግግር የሚነገረው ስለዚሁ ስለ ተረሳው ዕቃ ነው፤ ይኸውም ዋጋው ጥቂት፣ ክብደቱም ቀላል የሆነው የፕላስቲክ ወንበር ነው።

«ይህ ነገር ለበዓል የሚበቃ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን የሰው ክብሩና ውርደቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በመቀመጫው ነው። ማን ተቀመጠ? ማን ቆመ? ማንስ ለማን ተነሣ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መርምሮ የመለሰ ሰው የአንድን አገር ጠባይ አወቀ ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወንበርን መመርመር ሰውን መመርመር ነው።

ስለ ወንበር ስም

በግእዝ ነበረ ማለት ተቀመጠ፣ ኖረም ማለት ነው። ከዚህ ግስ መንበር የሚለው ስም ይወጣል፤ ትርጓሜውም መቀመጫ፣ ዙፋን ነው። በመቅደስ ታቦቱ የሚያርፍበት መንበር ይባላል፤ የሊቃነ ጳጳሳትም ሥልጣን መንበር ይባላል። ያው ቃል ወደ አማርኛ በወረደ ጊዜ መ ወደ ወ ተለውጦ ወንበር ሆነ። እንግዲህ በቡና መሸጫ ደጅ ያለችው ወንበርና በመቅደስ ያለው መንበር በክብር እንደ ምድርና እንደ ሰማይ ቢራራቁም በስም ዘመዳሞች ናቸው።

ደግሞም ወንበር የሚለው ስም ቀድሞ ለዕቃ ብቻ የተሰጠ አልነበረም፤ የሰውም ስም ነበረ። በነገሥታቱ ዘመን ከአፈ ንጉሡ በታች ተቀምጠው ነገር የሚሰሙት ዳኞች ወንበሮች ይባሉ ነበር። በጉባኤ ቤትም አንድ ሊቅ ከመምህሩ ተመርቆ ማስተማር በጀመረ ጊዜ፣ የሚቀመጥበት የጭቃ መደብ ወይም ድንጋይ እንኳ ቢሆን፣ «ወንበር ዘረጋ» ይባልለታል። ንጉሥ የሚቀመጥበት ደግሞ አልጋ ይባል ስለ ነበረ እርሱን የሚተካው ልጅ አልጋ ወራሽ ተባለ። ከዚህ ሁሉ የሚታየው በአማርኛ ተናጋሪ ልብ መቀመጫና ሥልጣን ሳይለያዩ እንደ ኖሩ ነው።

በቅኔ ቤት አነጋገር እንመስለው ቢባል፣ እንጨቱ ሰም ነው፤ በእንጨቱ ላይ የተቀመጠው ክብር ወርቅ ነው። እንግዲህ ዛሬ ሰሙ ረክሶ በየገበያው ተደርድሮ ይገኛል። ወርቁስ አብሮ ረከሰ ወይስ በቦታው አለ? የዚህ ንግግር ጥያቄ ይህ ነው።

ስለ ቀድሞው አቀማመጥ

በቀድሞ ዘመን የብዙው ሕዝብ መቀመጫ መሬት ነበረ። በቤት ውስጥ ከግድግዳው ጋራ ተያይዞ የሚሠራ የጭቃ መደብ አለ፤ በላዩም ቁርበት ወይም ሰሌን ይነጠፋል። ሴቶች በምድጃው አጠገብ ከዱካ ላይ ዝቅ ብለው ተቀምጠው ወጥ ይሠራሉ፣ ቡናም ያፈላሉ። ከድኻ ቤት አንዲት በርጩማ የተገኘች እንደ ሆነ እርስዋ የአባወራው ናት። መደገፊያና ክንድ ያለው ወንበር ግን በባለጸጋና በሹም ቤት ካልሆነ በቀር አይታይም ነበር።

በግብር ጊዜም አቀማመጥ በማዕርግ ነበረ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በነገሡበት ዘመን፣ ከ1882 እስከ 1906 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግብር በሚገባበት ጊዜ መኳንንቱና ሊቃውንቱ አስቀድመው በየቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ሠራዊቱም ከእነርሱ በኋላ በተራ በተራ እየገባ ይበላል። እያንዳንዱን በሚገባው ስፍራ የሚያስቀምጠው አጋፋሪው ነው። ከንጉሡ አልጋ እየራቁ በሄዱ መጠን ክብርም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ማዕርጉን ለማወቅ ደብዳቤ ማንበብ አያስፈልገውም ነበር፤ የተቀመጠበትን ማየት ይበቃዋል።

ነገር ግን ከዚህ ከማዕርግ ሥርዓት ጋራ ሌላ ሥርዓት አብሮ ይኖር ነበር። ሰው ወደ ተቀመጡበት ስፍራ በገባ ጊዜ ተቀማጮቹ ብድግ ብለው «ኖር» ይላሉ፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ይመልስና ያስቀምጣቸዋል። አባወራውም እንግዳ በመጣ ጊዜ ከዚያች ከአንዲት በርጩማው ተነሥቶ ለእንግዳው ይለቅቃል፤ እርሱ ግን በመደቡ ላይ ይቀመጣል። በዚህ ሥርዓት ትልቁ ስጦታ በርጩማዋ አልነበረችም፤ መነሣቱ ነበረ። መቀመጫ የሌለው ድኻ እንኳ መነሣት ስላለው ለእንግዳው የሚሰጠው ክብር አያጣም ነበር።

ደግሞ አግዳሚ አለ። አግዳሚ ከረጅም ጣውላ ወይም ከግንድ ተሠርቶ ብዙ ሰው በአንድነት የሚቀመጥበት ነው። የአግዳሚ ጠባይ እንዲህ ነው፤ ዐምስት ሰዎች ተቀምጠው ሳለ ስድስተኛው የመጣ እንደ ሆነ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል። ዐምስቱም እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይጠጋሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት መጉደልም የስድስተኛው ቦታ ይወጣል። ይህን ነገር ልብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ በኋላ ይነሣልና።

ስለ ፕላስቲክ ወንበር አሠራር

አሁን ወደ ዛሬው ወንበር መምጣት ይገባል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 ዓመት ጁልዮ ናታ የሚባል የኢጣልያ የኬሚስትሪ ሊቅ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን ነገር ሠርቶ አወጣ፤ በዚህ ዐይነት ምርምሩም በ1963 ዓመት ከጀርመናዊው ካርል ዚግለር ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ፖሊፕሮፒሊን ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ የፕላስቲክ ዐይነት ነው። በ1972 ዓመት ደግሞ አንሪ ማሶኔ የሚባል ፈረንሳዊ «ፎተይ 300» የተባለውን ወንበር አወጣ፤ አንዱን ወንበር ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ ከ2 ደቂቃ ያነሰ ነበረ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ፋብሪካዎች እያረከሱና እያበዙ ሠሩት፤ በዓለም ሁሉም ተሠራጨ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። እንደ ምስር ፍሬ የደቀቀው ፕላስቲክ ከ200 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል። የቀለጠውም በብርቱ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ይገባል። ቀዝቅዞ በወጣ ጊዜ እግሩ፣ መቀመጫው፣ ክንዱና መደገፊያው ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ አንድ ወጥ ሆኖ ይወጣል፤ ክብደቱም ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ያህል ነው። በመደገፊያው ላይ ያሉት ክፍተቶች ለጌጥ ብቻ የተደረጉ አይደሉም፤ ፕላስቲኩን ይቆጥባሉ፣ ነፋስም ያሳልፋሉ። እግሮቹ እንደ ቦይ የታጠፉበት ምክንያት ቀጭን ሳሉ እንዳይለምጡ ነው። አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረበውም ብዙው በጥቂት ስፍራ እንዲቀመጥ ነው። የብረቱ ቅርጽ ዋጋ እጅግ ውድ ነው፤ ስለዚህ ሠሪው የሚያተርፈው እልፍ አእላፍ ወንበር ከሠራ ብቻ ነው። የአንዱ ወንበር መርከስ ከብዛቱ የመጣ ነው።

አንጥረኛም ወርቁን አቅልጦ በቅርጽ ያፈስሰዋልና ነገሩ ለአገራችን ጥበብ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ከአንድ ወጥ ነገር መሥራትም ለኢትዮጵያ ሰው ዐዲስ አይደለም። በላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ ቆሟል። የጅማ ጠራቢዎችም በሦስት እግር የሚቆመውን በርጩማ፣ መቀመጫውንና እግሩን ሳይለያዩ፣ ከአንድ ግንድ ጠርበው ያወጡታል። እንግዲህ አንድ ወጥ መቀመጫ ከፈረንጅ ፋብሪካ አስቀድሞ በጅማ ጠራቢ እጅ ነበረ። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ የጅማው በርጩማ ከአንድ ሰው እጅና ከብዙ ቀን ድካም ይወጣል፤ በውርስም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የፕላስቲኩ ወንበር ግን የሠሪው እጅ አይታወቅም፤ የሚወርሰውም የለም።

በከተማ ኑሮ ስላለው ስፍራ

በአዲስ አበባ ደቡብ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀና ማርያም ቀድሞ የከተማው ዳርቻ ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየአገሩ የመጣ ሰው ተጎራብቶ የሚኖርበት ሰፈር ሆኗል። ከተለያየ ቀበሌ የመጡ ሰዎች ዘመዳቸው ሩቅ ነው፤ ስለዚህ በኀዘንም በደስታም የሚደርስላቸው ጎረቤትና እድር ነው። የእድርም ንብረት ተቆጥሮ ቢታይ ድንኳን፣ ድስት፣ ሳሕን፣ አግዳሚና የፕላስቲክ ወንበር ነው። ወንበሩ ከሌላ እድር ወንበር ጋራ እንዳይቀላቀል በመደገፊያው ወይም በመቀመጫው ሥር የእድሩ ስም በቀለም ይጻፍበታል። ወንበር ያጠፋ ሰውም ይተካል።

ሞት በሆነ ጊዜ የእድሩ ሰው ድንኳኑን በመንገድ ዳር ይተክላል፤ ጎልማሶቹ ወንበሩን በሁለት እጃቸው አራት አራት፣ ዐምስት ዐምስት እያደረጉ ያመጣሉ። ለቀስተኛው ይገባል፤ «እግዜር ያጽናችሁ» ይላል፤ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ሌላው በመጣ ጊዜ ቦታውን ለቅቆ ይወጣል። ስለዚህ አንዲት ወንበር በአንድ ቀን ባለሥልጣኑንና ሊስትሮውን፣ ነጋዴውንና የቀን ሠራተኛውን ታስተናግዳለች። ኀዘንተኞቹ ግን በፍራሽ ላይ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። የዚያን ቀን ከሁሉ ይልቅ የሚከበሩት ከሁሉ ዝቅ ብለው የተቀመጡት ናቸው፤ ወንበር ላይ ያለውም ወደ እነርሱ አጎንብሶ ይናገራል።

ከልቅሶው በኋላ ያችው ወንበር ትታጠብና ለሠርግ ትሄዳለች። ነጭ ልብስ ይለብሱላታል፤ ከመደገፊያዋም በስተኋላ ጥብጣብ ይታሰርላታል። ትናንት እንባ ያየች ወንበር ዛሬ ዕልልታን ትሰማለች። ቤት ለጠበበው፣ ዕቃም ለማይበዛለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ድንኳንና ወንበር ከአከራይ ወይም ከእድር ተዋሰ እንጂ በቤቱ አራት ወንበር ብቻ ያለው ሰው መቶ እንግዶች ያስቀምጣል። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለማድረግ አዳራሽ ያስፈልግ ነበር።

በየመንገዱ ዳርም ሌላ አገልግሎት አለ። ጀበና አቅርባ ቡና የምትሸጥ ሴት ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ዝቅ ያሉ የፕላስቲክ በርጩማዎች ደርድራ እንግዳ ትቀበላለች፤ እነዚያ ጥቂት በርጩማዎች ሱቅዋ ናቸው። የቤት ዘበኛውም በበሩ አጠገብ ከአንዲት ወንበር ጋራ ይውላል፤ ያችም ወንበር ብዙ ጊዜ ከቤት ውስጥ ተሰብራ የወጣች ናት። ስንጥቁን በጋለ ምስማር ግራና ቀኝ እየበሱ በሽቦ እንደ ልብስ ይሰፉታል። እግርዋ ከተሰበረም አራቱን እግር አስተካክለው ይቈርጡና ዝቅ ያለ መቀመጫ ያደርጓታል። የመጨረሻ ዕጣዋም «ቆራሌው» እያለ በሚዞረው ሰው እጅ ነው። ከፋብሪካ ያለ እጅ የወጣችው ወንበር በድኻ ቤት የሰው እጅ ያገኛታል።

በቤተ ክርስቲያንም ስፍራ አላት። በቅዳሴና በማኅሌት ጊዜ ሥርዓቱ መቆም ነው፤ ለዚህም መቋሚያ ተሰጥቷል። ነገር ግን የደከሙ አረጋውያን፣ ሕሙማንና ነፍሰ ጡሮች በወንበር ይረዳሉ። በዐውደ ምሕረት ለስብከት፣ በሰንበቴ ቤት፣ በማኅበር ጽዋም ወንበር ይዘረጋል። ጉባኤው በተፈጸመ ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ወንበሩን እየደራረቡ ሲሰበስቡ ይታያሉ። ከዚህ የልጆች ሥራ የበለጠ ትሕትናን የሚያስተምር ትምህርት በቀላሉ አይገኝም፤ ምክንያቱም ሌላው እንዲቀመጥ ብሎ መሸከም ነው።

ስለ ጥቅሙና ስለሚያሰጋው ነገር

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የመጀመሪያው ጥቅም ግልጽ ነው። መደገፊያና ክንድ ያለው መቀመጫ ቀድሞ የሹም ምልክት ነበረ፤ ዛሬ ግን የጉልት ነጋዴዋም ትደገፋለች። የፕላስቲክ ወንበር ቁመቱ አንድ፣ መልኩ አንድ፣ ዋጋውም ተቀራራቢ ስለ ሆነ በላዩ የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ በአንድ ልክ ይታያሉ። በዐዋጅና በምክር ለማምጣት ብዙ ድካም የሚፈጀውን የመቀመጫ እኩልነት ይህ ርካሽ ዕቃ ያለ ጩኸት አምጥቶታል። መልኩ የማያምር ነው ብሎ የሚነቅፈው ሰው ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ነቃፊዎችስ በሌላም አገር አሉ። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የከተማውን ውበት ያጠፋል ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2017 ዓመት ድረስ በሕዝብ አደባባይ እንዳይቀመጥ ተከልክሎ ነበር። በዚያው በ2017 ዓመት ከባዝል አጠገብ በጀርመን ድንበር ያለው የቪትራ ሙዚየም ይህንኑ ወንበር የዓለም ወንበር ነው ብሎ ለትርኢት አቀረበው። ባለጸጋ ከተማ የናቀውንና ያከበረውን በአንድ ዓመት ሊለዋውጥ ይችላል፤ የድኻ ቤት ግን በዚያ ጊዜ ሁሉ ተቀምጦበታል።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር አለ። ዶን ሾንዶርፈር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በሞሮኮ አገር አንዲት አካልዋ የተጎዳ ሴት በመሬት ላይ እየተሳበች መንገድ ስትሻገር አየ። ይህም ከልቡ ሳይወጣ ብዙ ዓመት ቆየ። በኋላም የተራውን ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ወስዶ ጎማ ገጠመለትና የድኻ ተሽከርካሪ ወንበር አደረገው። በ2001 ዓመት ለዚሁ ሥራ ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም እስከ ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ ወንበሮች በብዙ አገሮች ላሉ ሰዎች በነጻ ሰጥቷል። ወንበሩ ርካሽ ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ከመሬት አይነሣም ነበር። እንግዲህ ርካሽነት ነውር አይደለም፤ ለብዙዎች የሚደርስ ነገር ሁሉ ርካሽ ነውና።

ነገር ግን ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ የሚያሰጋውን መተው የመምህር ወግ አይደለም። አስቀድሞ ስለ አግዳሚ የተባለውን ማስታወስ ይገባል። አግዳሚ የሚያስጠጋ መቀመጫ ነው፤ የመጣው ሰው ከተቀመጡት ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይቀበላል። ወንበር ግን የሚለይ መቀመጫ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሙሉ ቦታ አለው፤ የዘገየው ሰውም ከተቀመጡት የሚቀበለው ነገር የለውም። ወንበር ከሌለ ይቆማል። ተቀማጩም «ወንበር አልቋል» ይላል እንጂ «ጠጋ በሉ» አይልም። በዚህ ምክንያት ማንም ሳይከፋ፣ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ አረጋዊት እናት በጉባኤ መካከል ቆማ ልትቀር ትችላለች። ወንበሩ ሁሉን እኩል ያስቀምጣል፤ ነገር ግን ማንንም እንዲነሣ አያስገድድም። «ኖር» ማለትም ከእንጨቱ ጋራ አብሮ እንዳይረሳ ያሰጋል።

ሁለተኛው የሚያሰጋ ነገር የቀድሞው ማዕርግ በሌላ በር ተመልሶ መግባቱ ነው። በብዙ ጉባኤ ላይ ከፊት ለክቡራን እንግዶች ለስላሳ ሶፋ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፤ ነዳያን ግን በበሩ ውጭ ከመሬት ላይ ናቸው። ለአባቶችና ለእንግዶች የተገባውን ክብር መስጠት መልካም ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ የወርቅ ቀለበት ላለው በመልካም ስፍራ ተቀመጥ፣ ለድኻው ግን ከዚያ ቁም ወይም ከእግሬ በታች ተቀመጥ ማለትን ገሥጿል። ያ ተግሣጽ በተጻፈ ጊዜ መቀመጫ ውድ ነበረ፤ ሰው «ከየት አምጥቼ?» ብሎ ማመካኘት ይችል ይሆናል። ዛሬ ግን መቀመጫ ረክሷል፤ ምክንያትም ጠፍቷል። ቆመው የሰቀሉትን ተቀምጠው ማውረድ ያስቸግራልና እንዲህ ያለው ልማድ ሥር ሳይሰድድ ሊታሰብበት ይገባል።

ስለ አያያዙ

ስለ ወንበሩ አጠባበቅም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ወንበር ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፀሐይ የዋለ ወንበር መልኩ ይደበዝዛል፤ በእጅ ሲዳስሱትም እንደ ዱቄት ያለ ነገር ይተዋል። ያ ምልክት ኀይሉ እንዳለቀ ይናገራል። እንጨት ሊሰበር ሲል ይጮኻል፤ እንዲህ ያለ ፕላስቲክ ግን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። ስለዚህ ከጉባኤ በኋላ በዕቃ ቤት ወይም በጥላ ሥር ማኖር፣ ስንጥቅ ያለበትንም ለይቶ ማውጣት የዕቃ ጠባቂው ሥራ ነው። ሊቀ ካህናቱ ዔሊ መርዶ በሰማ ጊዜ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ እንደ ሞተ ተጽፏል፤ የዛሬ ሽማግሌ ግን መርዶ ሳይሰማ በዕቃ ጠባቂ ስንፍና እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ይገባል። ሁለት ወንበሮችን ደርቦ ለደከመ ሰው ማቅረብም ከልማድ የተገኘ ብልሃት ነው።

የተሰበረውም በየስፍራው መጣል የለበትም። ፕላስቲክ እንደ እንጨት አፈር አይሆንም፤ የተቃጠለ እንደ ሆነም ጢሱ ይጎዳል። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ በአጠገቡ የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። ከተማው የጣለው ነገር ሁሉ ከሰው ደጅ ይወድቃል ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠገነውን መጠገን፣ የማይጠገነውንም ለሚያቀልጡትና ዳግመኛ ለሚሠሩበት ሰዎች እንዲደርስ ለቆራሌው መስጠት ይሻላል።

ማጠቃለያ

በመጽሐፈ ነገሥት ካልእ በሱነም ስለ ነበረች አንዲት ሴት ተጽፏል። ይህች ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ በቤትዋ በኩል ሲያልፍ ባየች ጊዜ ትንሽ ሰገነት አሠራችለት፤ በውስጡም አልጋ፣ ገበታ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረች። ወንበሩ ከምን እንደ ተሠራ አልተጻፈም፤ ማን እንዳኖረው ግን ተጽፏል። ደግሞም ንጉሡ ሰሎሞን እናቱ ቤርሳቤህ ወደ እርሱ በገባች ጊዜ ከዙፋኑ ተነሥቶ ተቀበላት፤ በቀኙም ወንበር አስቀመጠላት። ንጉሥ ለእናቱ ተነሣ፤ ንጉሥ ለእናቱ ወንበር አኖረ።

ከላይ የተጠየቀው ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። ሰሙ ረክሷል፤ ወርቁ ግን ከቀድሞም በእንጨቱ ውስጥ አልነበረም። ወርቁ ተነሥቶ በሚያስቀምጠው ሰው ልብ ነበረ፤ ዛሬም ከዚያው ነው። የሦስት ኪሎ ወንበር ለማንሣት ጕልበት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ዛሬ ወንበር ሳያቀርብ የቀረ ሰው ከበደኝ ማለት አይችልም።

ይህ ደብር የሚጠራው በእናት ስም ነው። ቅድስት ሐና እናት ናት፤ ልጅዋ እመቤታችንም እናት ናት። መታሰቢያዋ በሚከበርበት በኅዳር 11 ቀንም ቢሆን በሌላው በዓል ሁሉ፣ በዚህ ግቢ ወንበር በተዘረጋ ጊዜ የመጀመሪያይቱ ወንበር ለሽማግሌና ለደካማ እናት ብትሆን ለደብሩ ስም የተገባ ነው። የድሮዎቹም አግዳሚዎች አርጅተዋል ተብለው እንዳይጣሉ፤ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡና ሕፃናት መጠጋትን ይማሩባቸው። በበሩ ውጭ ከመሬት ላይ ላሉትም ጥቂት ወንበሮች ወጥተው ይሰጡ፤ ከዚያ የሚጎድል ነገር የለም።

ወንበሩ አልቆ ሰው ቆሞ በታየ ጊዜም የተቀመጠው ይነሣ፤ «ኖር» ይበል። የቆመውም «በእግዜር» ብሎ ይመልስ። በዚያን ጊዜ የፕላስቲክ ወንበር በእውነት የክብር መቀመጫ ይሆናል።

እግዚአብሔር ይህን ጉባኤ ይባርክ፤ ለከርሞው በዓልም በሰላምና በጤና ያድርሰን። አሜን።